ግጦሹ የጋራ፣ ውኃው የቆፋሪው፦ የአርብቶ አደሩ አኗኗር ከጅግጅጋ ሜዳ እስከ ሐውድ

ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኘው ጅግጅጋ፣ በካራማራ ተራራ ሥር በተንጣለለው ሜዳ ላይ የተቆረቆረች የሶማሌ ክልል ርዕሰ ከተማ ናት። ከተማዋ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የዩኒቨርሲቲ፣ የባንኮችና የንግድ ድርጅቶች መቀመጫ ብትሆንም የኑሮዋ መሠረት ዛሬም በዙሪያዋ ያለው የእንስሳት ሀብት ነው። ዝናቡ በወቅቱ ሲጥል የከብት ገበያው ይደምቃል፣ የወተት ዋጋም ይረክሳል። ዝናቡ ሲዘገይ ደግሞ የእንስሳቱ ዋጋ ወርዶ የእህሉ ዋጋ ይንራል። በፋፈን ዞን የሚገኙት ቀብሪበያህ፣ ሀርትሼክ፣ ሐርሺን፣ አውበሬና ቶጎ ውጫሌ፣ በሲቲ ዞን ደግሞ ከሽንሌ እስከ አይሻና ደወሌ ያሉት ከተሞች የሚተዳደሩት በዚሁ ሚዛን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ከ4.4 ሚሊዮን በላይ ከነበረው የክልሉ ሕዝብ በከተማ ይኖር የነበረው 14 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተሞቹ በእጅጉ ሰፍተዋል። ሆኖም ግብር ለመሰብሰብ፣ ውኃ ለመቆፈር፣ ትምህርት ቤት ለመክፈት ወይም የድርቅ እርዳታ ለማከፋፈል ወደ አካባቢው የሚሠማራ የመንግሥት ሠራተኛ ዋና ተገልጋዩ ሆኖ የሚያገኘው አርብቶ አደሩንና ከፊል አርብቶ አደሩን ነው። የዚህ ኅብረተሰብ አኗኗር በምን ሕግ እንደሚመራ ሳያውቁ የሚወሰን ውሳኔ ደግሞ፣ በቅን ልቦና የተወሰነ ቢሆንም እንኳ፣ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል የአካባቢው ታሪክ በተደጋጋሚ አሳይቷል።

«ዘላን» የሚለው ቃል በመንግሥት ሰነዶች ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲያገለግል ቆይቶ ባለፉት አሥርት ዓመታት «አርብቶ አደር» በሚለው መተካቱ ይታወቃል። የቃሉ ለውጥ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከቃሉ በስተጀርባ የነበረው አመለካከት የቃሉን ያህል ፈጥኖ አልተለወጠም። አርብቶ አደሩ አሁንም ውኃና ሣር ፍለጋ ከቦታ ቦታ የሚንከራተት ሰው ተደርጎ ሲገለጽ ይሰማል። መንከራተት መድረሻው ለማይታወቅ ሰው የሚነገር ነው። የሶማሌ አርብቶ አደር ግን ከመነሣቱ በፊት ወዴት፣ መቼና ከየትኛው እንስሳ ጋር እንደሚሄድ ይመክራል። ከጉዞው አስቀድሞ ልምድ ያላቸው ሰዎች ዝናቡ የት እንደጣለ፣ ሣሩ ምን ያህል እንደሆነ፣ በሽታ መኖር አለመኖሩንና በቦታው ማን እንደሰፈረ አይተው እንዲመለሱ ይላካሉ። ይህ ቅኝት በሶማሊኛ «ሰሃን» ይባላል። ዛሬ የሰሃን ሥራ ከፊሉ በተንቀሳቃሽ ስልክ እየተከናወነ ቢሆንም፣ ከሚታመን ሰው የዓይን ምስክርነት ውጭ መንጋውን የሚያንቀሳቅስ አርብቶ አደር ጥቂት ነው።

የሰሜን ሶማሌዎችን የአርብቶ አደርነት ሥርዓት በሰፊው ካጠኑት መካከል ብሪታኒያዊው የማኅበረ ባህል ተመራማሪ አይ ኤም ሉዊስ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። ተመራማሪው እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1957 በወቅቱ የእንግሊዝ ጥበቃ ግዛት በነበረው ሰሜናዊ ሶማሊያ ተዘዋውረው ያጠኑትን እ.ኤ.አ. በ1961 «የአርብቶ አደር ዲሞክራሲ» በሚል ርዕስ አሳትመዋል። በጥናቱ ጎልቶ ከሚታየው ነገር አንዱ፣ አንድ ቤተሰብ በድርቁ ወራት በሁለት ተከፍሎ የሚኖር መሆኑ ነው። ሴቶች፣ ሕፃናትና ያገቡ ወንዶች በጎችንና ፍየሎችን፣ ጥቂት የሚታለቡ ግመሎችንና ጭነት ተሸካሚ ግመሎችን ይዘው ከውኃ ብዙም ሳይርቁ ይሰፍራሉ። ወጣት ወንዶች ደግሞ አብዛኛውን የግመል መንጋ ይዘው ወደ ሩቅ ግጦሽ ይሄዳሉ።

የመከፋፈሉ ምክንያት ከእንስሳቱ ተፈጥሮ የመነጨ ነው። በበጋ ወቅት ከብት በሁለትና በሦስት ቀን፣ በግና ፍየል በጥቂት ቀናት ልዩነት ውኃ ማግኘት ይኖርባቸዋል። ግመል ግን ሁለት ሳምንት ያህል ሳይጠጣ ሊቆይ ይችላል፤ ለምለም ቅጠል ባለበት ወራትማ ከዚያም እጅግ ለበለጠ ጊዜ ውኃ ላያስፈልገው ይችላል። በመሆኑም ግመል በግና ፍየል ሊደርሱበት የማይችሉትን ግጦሽ ይጠቀማል፣ ለእነርሱም የቅርቡን ሣር ይተውላቸዋል። በአንድ አካባቢ ዝናብ ቢጠፋ ወይም በሽታ ቢገባ ደግሞ የቤተሰቡ ሀብት በሙሉ በአንድ ጊዜ አይጠፋም። የተማረ የባንክ ባለሙያ ገንዘቡን በአንድ ቦታ እንደማያስቀምጥ ሁሉ አርብቶ አደሩም እንስሳቱን በአንድ ቦታ አያከማችም ማለት ነው።

የሰሜኑ ክፍል የዝናብ ወቅት ከደቡቡ የክልሉ ክፍል በመጠኑ ይለያል። በደቡብ ዋነኞቹ ወቅቶች ከሚያዝያ ጀምሮ የሚጥለው «ጉ» እና ከጥቅምት ጀምሮ የሚጥለው «ደይር» ናቸው። በጅግጅጋና በሲቲ አካባቢዎች ግን ከበልጉ ዝናብ፣ ማለትም በጅግጅጋ በኩል ጉ በሲቲ ደግሞ ዲራዕ ከሚባለው ቀጥሎ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚዘልቀው «ከረን» ከፍተኛ ቦታ ይይዛል። «ጂላል» የሚባለው ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ደረቅ ወቅት የሁሉም ፈተና ነው። በመሆኑም የጉ ዝናብ ተጓደለ ተብሎ ለመላው ክልል በአንድ ወጥ ሁኔታ የሚዘጋጅ ሪፖርት የሰሜኑን እውነታ ላያሳይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በኤልኒኖ ክስተት የበልጉም የክረምቱም ዝናብ በመስተጓጎሉ ሲቲ ዞን ከክልሉ ይበልጥ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ እንደነበረ ይታወሳል።

ስለ አርብቶ አደርነት ከሚነሡ ጥያቄዎች ሁሉ ለአስተዳደር ሠራተኛው ይበልጥ የሚጠቅመው የንብረት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ምሁር ጋሬት ሃርዲን ባሳተሙት ታዋቂ ጽሑፍ፣ ግጦሽ የጋራ ከሆነ እያንዳንዱ ባለ መንጋ የራሱን እንስሳት እያበዛ በመጨረሻ ሁሉም መሬቱን እንደሚያጠፉት ተከራክረው ነበር። ይህ አመለካከት በብዙ አገሮች የአርብቶ አደር ፖሊሲ ላይ ተጽዕኖ አሳድሯል። እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል የኢኮኖሚክስ ሽልማት ያገኙት ኤሊኖር ኦስትሮም ግን በርካታ ማኅበረሰቦች የጋራ ሀብታቸውን በራሳቸው ደንብ ጠብቀው ለረጅም ዘመን እንደኖሩ በምርምር አሳይተዋል። ሃርዲን ያልተመለከቱት፣ የጋራ የሆነ ነገር ሁሉ ደንብ የለሽ አለመሆኑን ነው።

በሶማሌው ልማድ ዝናብ ያበቀለው ሣር የአንድ ሰው ወይም የአንድ ቤተሰብ ንብረት አይደለም። ውኃ ግን እንደዚያ አይደለም። ዝናብ ያጠራቀመው የተፈጥሮ ኩሬ ለሁሉም ክፍት ነው። በሰው ጉልበት የተቆፈረ ጉድጓድ የቆፈሩት ወገኖች ነው፣ ሌላው የሚጠጣው በእነርሱ ፈቃድና ተራ ነው። ገንዘብ ፈስሶበት በድንጋይና በሲሚንቶ የተሠራ የውኃ ማጠራቀሚያ ደግሞ የአሠሪው የግል ሀብት ነው። የፈሰሰው ጉልበት በጨመረ ቁጥር ባለቤትነቱም ይጠብቃል። ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው፦ በደረቅ ወቅት ውኃ የሌለው ሰው ሣሩ የጋራ ቢሆንም ሊጠቀምበት አይችልም። ስለዚህ ውኃን የሚያዝዝ ግጦሹንም ያዛል። አንድ የወረዳ ውኃ ጽሕፈት ቤት የጉድጓድ ቦታ ሲመርጥ የመጠጥ ውኃ የሚያቀርብ ይመስለዋል እንጂ፣ በአካባቢው ዓይን የግጦሽ መሬት እያከፋፈለ ነው።

ለዚህ ዋነኛው ማስረጃ ከጅግጅጋ በስተምሥራቅና በስተደቡብ ምሥራቅ የተዘረጋው ሐውድ ነው። ሐውድ ሰፊና ጥሩ ሣር የሚያበቅል ሜዳ ሲሆን በአብዛኛው ክፍሉ ቋሚ የጉድጓድ ውኃ የለውም። ቀድሞ አርብቶ አደሮች ወደዚያ የሚገቡት በዝናብ ወራት ነበር። ኩሬዎቹ ሲደርቁ ደግሞ ወደ ጉድጓዶቻቸው ይመለሳሉ። የውኃው እጦት በራሱ መሬቱን ለወራት የሚያሳርፍ ጠባቂ ነበር ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ግን «ቢርካ» የሚባሉ ግድግዳቸው በድንጋይና በሲሚንቶ የተለሰነ፣ የዝናብ ጎርፍ የሚጠራቀምባቸው ጉድጓዶች መስፋፋት ጀመሩ። ነጋዴዎችና ከብት አርቢዎች በሐርሺንና በአካባቢው ቢርካ እያሠሩ ውኃውን በበርሚል መሸጥ ያዙ። በየቢርካው ዙሪያ መንደር ተመሠረተ፣ መንደሩም ሱቅና መስጊድ አበጀ። የወራት ማረፊያ የነበረው ግጦሽ ዓመቱን ሙሉ የሚጋጥ ሆነ። ቢርካው በደረቀ ጊዜ ደግሞ፣ ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ጉድጓዱ ከመመለስ ይልቅ በቦቴ መኪና የሚመጣ ውኃን የሚጠብቅ ሆኗል። ቢርካ ሰውን ከውኃ ጥም ያዳነ ሥራ መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ አንድ መልካም ሥራ በብዛትና ያለ ምክክር ሲሠራ የተሠራበትን ምክንያት ሊያጠፋ እንደሚችል ሐውድ ምስክር ነው።

በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ1988 በሰሜን ሶማሊያ የተቀሰቀሰው ጦርነት ሲታከል ጫናው እጅግ ከበደ። ከሐርጌሳና ከአካባቢዋ የሸሹ ስደተኞች የሰፈሩበት ሀርትሼክ በአንድ ወቅት ከ250 ሺህ በላይ ሰዎች ይኖሩበት የነበረና በዓለም ካሉት የስደተኞች ጣቢያዎች ትልቁ ተብሎ የተጠቀሰ ጣቢያ ነበር። በቦታው የውኃ ምንጭ ባለመኖሩ ውኃ በቦቴ ይመላለስ ነበር፤ የማገዶና የጎጆ እንጨት የተቆረጠውም ከዚያው ከግጦሹ ነው። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ2004 ቢዘጋም በዙሪያው የተፈጠረው ገበያና የሰፈራ መንደር አልተነሣም።

ውኃና ግጦሽ የአስተዳደር ብቻ ሳይሆን የአገር ወሰን ጉዳይ ሆነውም ያውቃሉ። በ1889 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ መንግሥትና በእንግሊዙ መልእክተኛ ሬኔል ሮድ መካከል በተደረገው ስምምነት ወሰኑ ሐውድን አቋርጦ ሲሰመር፣ በሁለቱም ወገን ያሉ ጎሣዎች ድንበር ተሻግረው ግጦሹንና ጉድጓዶቹን እንዲጠቀሙ ተፈቅዶ ነበር። መስመሩ ለመንግሥታቱ ተሰመረ፣ መንጋው ግን በዝናቡ መሄዱን ቀጠለ። በኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል ጉድጓዶች አጠገብ ከጣሊያን ጦር ጋር ግጭት የተነሣውም የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የጋራ ኮሚሽን የወሰን ሥራውን አጠናቆ የግጦሽ መሬቶችን ለማጥናት በደረሰበት ወቅት ነበር። ለጣሊያን ወረራ ሰበብ የሆነው ቦታ የአርብቶ አደር የውኃ ጉድጓድ መሆኑን ብዙ አንባቢ ልብ ላይለው ይችላል። ከጦርነቱ በኋላም ሐውድና «የተከለለው ቦታ» ይባል የነበረው አካባቢ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቆይቶ፣ በ1947 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት መሠረት በዚያው ዓመት የካቲት ወር ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ሲመለስ የግጦሽ መብቱ በድጋሚ ተረጋግጧል።

በአገራችን ሕጎች ዘንድ የግጦሽ መሬት ያለፈበት መንገድ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 130 የግጦሽ መሬቶችን ከመንግሥት ይዞታ ጋር ደምሯቸው ነበር። በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ደግሞ በልማድ ለግጦሽ ይገለገሉባቸው በነበሩ መሬቶች ላይ ለአርብቶ አደሮች የይዞታ መብት ሰጠ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 የኢትዮጵያ አርብቶ አደሮች ለግጦሽም ሆነ ለእርሻ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ደነገገ። በሌላ በኩል በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 መንግሥት እንደ አስፈላጊነቱ የወል መሬትን ወደ ግል ይዞታ ሊያዞር እንደሚችል የሚፈቅድ ነበር። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። ለሲቪል ሰርቫንቱ ችግር የሚሆነው የሕግ መኖር አለመኖር ሳይሆን፣ ሕጉ «ይዞታ» ሲል ወሰን ያለው መሬትን ማሰቡ፣ አርብቶ አደሩ ደግሞ «መብት» ሲል በተለያዩ ወራት በተለያዩ ቦታዎች የመድረስ ዕድልን ማሰቡ ነው።

ልዩነቱ በግልጽ የሚታየው በጅግጅጋ ሜዳ ላይ ነው። ባሕር ጠለል ላይ ወደ 1600 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ይህ ሜዳ ከሌላው የክልሉ ክፍል የተሻለ ዝናብ ስለሚያገኝ በማሽላ፣ በበቆሎና በስንዴ እርሻ የታወቀ ነው። ባለፉት አሥርት ዓመታት እርሻው ሲሰፋ አጥሩም አብሮ ሰፋ። አንዳንዱ የሚያጥረው ለማረስ ነው። አንዳንዱ ሣሩን አጭዶ ለመሸጥ ወይም ለራሱ እንስሳት ለማቆየት ነው። ጎረቤት ሲያጥር ያየ ሰው ደግሞ ምንም ሳያርስ ድርሻው እንዳይቀርበት ብቻ ያጥራል። በልማዱም ቢሆን ለክፉ ቀን የሚከለል «ሴሬ» የሚባል ግጦሽ መኖሩ ይታወቃል። ነገር ግን ሴሬ የሚከለለው በሽማግሌዎች ምክር፣ ለጊዜውና ለጋራ ጥቅም ነው። የዛሬው አጥር ግን በአብዛኛው የግል ነው። መንጋው ወደ ውኃ የሚወርድበት መተላለፊያ ሲዘጋ ጠቡ ከግለሰብ አልፎ የጎሣ ይሆናል።

ጠብ ሲነሣ የሚዳኘው «ሄር» የሚባለው በቃል የሚተላለፍ የባህል ሕግ ነው። ሄር በጎሣዎች መካከል በሚደረግ ስምምነት ላይ የቆመ ሲሆን፣ ካሳን በጋራ የሚከፍሉና የሚቀበሉ የሥጋ ዘመዳሞች ቡድንን መሠረት ያደርጋል። በልማዱ የአንድ ወንድ የደም ካሳ 100 ግመል፣ የሴት ደግሞ 50 ግመል ነው። ይህ በሕገ መንግሥቱ ከተደነገገው የጾታ እኩልነት ጋር እንደማይጣጣም ግልጽ ነውና የልማድ ሕግ ሁሉ እንዳለ ይወሰድ የሚል ክርክር አይቀርብም። ሆኖም አንድ ሰው ቢያጠፋ መቶ ሰው ከመንጋው የሚያጣ መሆኑ፣ ወጣቱን አስቀድመው የሚመክሩትና የሚገሥጹት ብዙ እንዲሆኑ አድርጓል። በሲቲ ዞን የሚኖሩት የኢሳ ሶማሌዎች «ሄር ኢሴ» በዚህ ረገድ የተለየ ዝና አለው። በቃል ታሪኩ 44 አዋቂዎች መክረው እንዳወጡት የሚነገርለት ይህ ሕግ ከዛፍ ሥር በሚቀመጡ ሽማግሌዎች የሚፈጸም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ የጋራ ጥያቄ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 በተከራካሪዎቹ ፈቃድ የግልና የቤተሰብ ጉዳዮች በባህል ሕግ እንዲዳኙ በር ከፍቷል። የወንጀል ጉዳይ በዚህ ውስጥ ባይካተትም፣ በተግባር ከፖሊስ ጣቢያ ቀድሞ ሽማግሌ የሚደርስበት ቀበሌ ብዙ ነው።

ንግዱም የራሱ ሥርዓት አለው። ከሰሜኑ የክልሉ ክፍል የሚነዱ በጎችና ፍየሎች ለብዙ ዘመን በሀርትሼክና በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ በርበራ ወደብ፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሲሻገሩ ኖረዋል። ገበያው በሐጅ ወቅት ይጦፋል። በመንገዱ ላይ ሻጭና ገዢን የሚያገናኘው «ዲላል» ነው፤ ቃሉ ከዓረብኛ የመጣና እኛ ደላላ የምንለው ራሱ ነው። በጅግጅጋ በኩል ያለው ደላላ ግን ዋጋ ከማስማማት አልፎ እንስሳው የተሰረቀ አለመሆኑን በራሱ ስም የሚያረጋግጥ ዋስ ነው። ከበርበራ የተመለሰው መኪና ደግሞ ሩዝ፣ ስኳር፣ ዱቄትና ልብስ ይዞ ይገባል። ይህ ንግድ በጉምሩክ ሕግ ኮንትሮባንድ ሲባል፣ በአርብቶ አደሩ ዘንድ ግን አባቱ ሲሠራ ያየው ሥራ ነው። መንግሥት ሊያገኝ የሚገባውን የውጭ ምንዛሪና ቀረጥ ማጣቱ እውነት ነው። የዚያኑ ያህል ሕጋዊው መንገድ ለባለ አሥር በጉ አርብቶ አደር ሩቅ ሆኖ መቆየቱም እውነት ነው። በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 የጣለችው የእንስሳት እገዳ እስከ 2009 ሲዘልቅ፣ ለበርካታ ቤተሰቦች ኪሳራው ከድርቅ ያላነሰ ነበር።

የግመል ወተት ንግድ በሴቶች እጅ ነው። በአርብቶ አደሩ ዘንድ በምሰሶና በሰሌን የሚሠራውን፣ ተነቅሎ በግመል የሚጫነውን «አቃል» የተባለውን ቤት የምትሠራውና የምትተክለው ሴቷ ናት፤ ቤቱም የእርሷ ነው። ወተቱንም በየማለዳው ከየሠፈሩ ሰብስባ በመኪና ወደ ጅግጅጋና ወደ ቶጎ ውጫሌ ታደርሳለች። ወተቱ በሙቀቱ ሳይበላሽ እንዲቆይ ዕቃው ጥሩ መዓዛ ባለው እንጨት ጭስ ይታጠናል። የደጋ ሰው የወተት ዕቃውን በወይራ እንደሚያጥን ማለት ነው። ከወተቱ የሚገኘው ገንዘብ ወዲያው በሻይ ቅጠል፣ በስኳርና በእህል ስለሚለወጥ፣ የወተት መኪና ያልመጣበት ቀን በብዙ ቤት እራት የሚቀልበት ቀን ነው።

ድርቅን ሶማሌዎች በስም ያስታውሱታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የደረሰው «ደባዴር»፣ ማለትም ጅራተ ረጅሙ ይባላል፤ አልለቅ ብሎ ስለቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016ና በ2017 የደረሰው ደግሞ «ሲማ» ተብሏል፤ ሀብታሙንም ድሃውንም እኩል አደረገ ለማለት ነው። ቀደም ባሉት ድርቆች ሀብት የተረፈው ዘመድ ለተጎዳው የምትታለብ ግመል ያውሰው ነበር። ሁሉም እኩል በተጎዳበት ዓመት ግን የሚያውስ አይገኝም። ፍየል በአምስት ወር ትወልዳለች፤ ግመል ግን 13 ወር ያህል አርግዛ የምትወልድ ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልደውም አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው። በመሆኑም ፍየሎቹን ያጣ ቤተሰብ በሁለትና በሦስት ጥሩ ዓመታት ሊያገግም ሲችል፣ ግመሎቹን ያጣ ግን አሥር ዓመትም ላይበቃው ይችላል። የክልሉ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ከዓለም የምግብ ፕሮግራም ጋር የሞከረው የሳተላይት መድን፣ የግጦሹ አረንጓዴነት ከመደበኛው ሲቀንስ እንስሳቱ ሳይሞቱ ገንዘብ እንዲከፈል የሚያደርግ መሆኑ ከዚህ አንፃር ሲታይ ተገቢ አቅጣጫ ነው። እንስሳው ከሞተ በኋላ የሚመጣ ስንዴ ሰውን ያተርፋል እንጂ መንጋውን አይመልስም።

መንጋው ያልተመለሰለት ቤተሰብ አቃሉን ነቅሎ የሚተክለው በቀብሪበያህ፣ በሽንሌ ወይም በጅግጅጋ ዳርቻ ነው። አባትየው ከሰል ያከስላል ወይም የቀን ሥራ ይፈልጋል፤ እናትየው ሻይ ትሸጣለች፤ ልጆቹ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት ይገባሉ። በሚቀጥለው የሕዝብ ቆጠራም ይህ ቤተሰብ በከተማ ነዋሪነት ይመዘገባል፤ በከተማው ማዘጋጃ ቤት ሪፖርት ላይ ደግሞ የከተሞች ዕድገት ተብሎ ይጻፋል።